ተቀምጬ የሄድኩት መንገድ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ፣ ለእርምጃዬ ዳኛ፤

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽው እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ደርሶኛል። የላክሽበት ሹፌር በእጇ ካልሰጠሁ ብሎ እስከ በራፌ መጣ። ምን ብለሽ እንዳስፈራራሽው አላውቅም፤ አያያዙ እንቁላል የተሸከመ ሰው ይመስል ነበር። ስለ ልኩ ለጠየቅሽኝ፣ አይጠብቅም፣ አይላላም። ጥቁሩን የመረጥሽልኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ።

በስልክ ለምን አናወራም ላልሽው፣ ድምፅሽን ስሰማ አለቅሳለሁ። አንቺም ትጀምሪያለሽ። ከዚያ የደወልንበትን ሳንነጋገር እንዘጋዋለን። ወንድምሽ ካረፈ ስድስት ወር ሆነ፤ በስድስት ወር ውስጥ በስልክ የጨረስነው አንድ ወሬ የለም። ስለዚህ በወረቀት ይሻለናል። ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም ለፊደል አላንስም። እኔ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ታነቢያለሽ።

ሐኪሙ ያለውን በድጋሚ ጻፊልኝ ብለሻል። ስኳሩ በዚህ ከቀጠለ መጀመሪያ ዓይኔን፣ ቀጥሎ እግሬን ይወስደዋል ብሏል። መድኃኒቱን መዋጥ፣ በቀን ስድስት ሺህ እርምጃ መሄድ፣ ክብደት መቀነስ። ይኸው ነው። «የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ያልሽውን አንብቤ ብዙ ቆየሁ። ለእኔስ ከአንቺ ሌላ ማን ቀረኝ? እሄዳለሁ።

አሁን ሰዓቱ ወደ ስልክሽ ልኮልሽ ስላየሽው ቁጥር። ትናንት ጠዋት ወጥቼ ነበር። በጥቁሩ ቀሚስ ላይ ያንን ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጌ። መስተዋት ሳላይ መውጣቴ ጥፋቴ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቲማቲም ሻጯ አየችኝና ከመንገዱ ማዶ ጮኸች፦

«እሰይ እትዬ! እንኳን ሐዘኑ ለቀቀሽ! ስፖርት ጀመርሽ?»

ክፋት የላትም፣ ድምፅ እንጂ። ሦስት ገበያተኞች ዞረው ጫማዬን አዩ። መግቢያ ጠፋኝ። «አይ፣ ክር ልገዛ ነው» አልኳት። ክር መሸጫው ያለው በሌላ በኩል እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ተመለስኩ። ሰዓቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ያለሽ እሱን ነው። መመለሻውም ተደምሮበት ነው።

አትሳቂብኝ፣ አትቆጪኝ። ነገ እወጣለሁ።

እናትሽ

ኅዳር 14

ይድረስ ለልጄ፤

ደህና ነኝ። ጉንፋንሽ ይሻለው አይሻለው ሳትነግሪኝ ስለ እኔ እግር ብቻ ጠይቀሽ ጨረስሽ።

ከሁለት መቶ ተነስተሽ ሰባት ሺህ እንዴት ገባሽ ላልሽው፣ ሰው ከጀመረ ይለምዳል። ሰዓቱን ከእጄ አውርጄ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ማሰሬንም ሰምተሻል። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን ነው አይደል የነገረሽ? የሰው ጎማ ሲጠግን ይውላል፣ የእሱን አፍ የሚጠግን ጠፋ። እጄ ላይ ሲሆን ጨርቅ ይይዝብኛል፣ ሲያልበኝም ያሳክከኛል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይቆጥራል፣ አታርፊም ወይ ብለሻል። ቀስ ስለምል ነው። ቀርፋፋ ሰው ማረፊያ አያስፈልገውም፣ አካሄዱ ራሱ ዕረፍት ነው። በየትኛው መንገድ እንደምሄድ ግን አትጠይቂኝ። መንገድ መንገድ ነው። በጤና ጣቢያው በኩል እንዳልሆነ ብቻ እወቂ።

ሥራ አለ። የተማሪ ዩኒፎርም ታዞልኛል፤ ሰማንያ ቀሚስ ነው። ቀኑን ሙሉ እግሬን ከስፌት መኪናዬ መርገጫ አላነሳም ማለት ይቻላል።

ስኳሩ አልወረደም። ሐኪሙ ካርዴን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ እንደገና ካርዴን አየ። አትጨነቂ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቁጥሩን ለሥራ ባልደረቦችሽ አታንብቢላቸው። ይከብደኛል። እባክሽ።

እናትሽ

ታኅሣሥ 3

እማዬ፤

አታንብቢ ያልሽው ከረፈደ ነው፣ ካነበብኩ ቆየሁ። ማሸጊያ ክፍል አብረውኝ ካርቶን የሚያሽጉት ሁሉ ጠዋት ሲያዩኝ ሰላምታቸው «ሯጯ ዛሬ ስንት ገባች?» ሆኗል። ያቺ ሊፍት ካልመጣ አልነቃነቅም የምትለው አለቃዬ በደረጃ መውጣት ጀመረች። «የስልሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ ሰባት ሺህ ከሄደች እኔ ምን ቆርጦኝ ነው!» ብላ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ስታለከልክ ግን አንቺን ነው የምትረግመው። እኔም ለራሴ ሰዓት ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን በልጠሽኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየሠራሁ! እንዴት ነው ነገሩ?

ጉንፋኑ ለቆኛል።

እማ፣ አንድ የማልነግርሽ ነገር ነበር። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የሚመጣብኝ አንቺም ሄደሽብኝ ይሆን የሚል ነው። አሁን ስነቃ ስልኬን አነሳለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር «እናቴ ተነስታለች» እላለሁ። ያን ጊዜ ነው ሥራዬ ላይ ልብ የማደርገው።

ሐኪሙን ደውዬ አነጋገርኩት። እንዳትቆጪ፣ የደወልኩት ስለምፈራ ነው። የእርምጃሽን ቁጥር ሁሉ ላክሁለት። ይህን ያህል እየሄደች ካልወረደላት መድኃኒቱ አንሷታል ማለት ነው አለ። ሰኞ ስትሄጂ እጥፍ ያደርግልሻል። በደንብ እየበላሽ ዋጪው። በወሩ መጨረሻ ይመረምርሻል።

ኮርቼብሻለሁ። እሱም ቢኖር ይኮራብሽ ነበር።

ዳኛሽ

ጥር 6

ይድረስ ለልጄ፤

ሁልጊዜ ደህና ነኝ ብዬ ነው የምጀምረው። ዛሬ እሱን ልለፈው።

ጎማ ጠጋኙ ደውሎ የነገረሽ እውነት ነው። እንዲጠብለት የሰጠኝን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ መሬት ላይ ወድቄ አገኘኝ። ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኛሁ። ለምን እስከ ዛሬ አልጻፍሽልኝም ላልሽው፣ አንደኛ ደክሞኛል፣ ሁለተኛ አፍራለሁ። ሁለተኛው ይበልጣል።

የወደቅሁት ስኳሩ ወጥቶ አይደለም፣ ወርዶ ነው። እጥፍ የሆነውን መድኃኒት እየዋጥኩ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ውኃ ብቻ እየጠጣሁ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ምርመራ ነበረኝ፤ ውጤቱ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው። መድኃኒት እየዋጡ መጾም ሰው እንደሚገድል ሐኪሙ ሲነግረኝ ነው ያወቅሁት።

ለምን እንዲያምርልኝ እንደፈለግሁ ጠይቀሻል። እርምጃው የውሸት ስለሆነ ነው።

ሰዓቱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ የስፌት መኪናዬን እረግጥ ነበር። መጀመሪያ ሆን ብዬ አልነበረም። እጄ ላይ ጨርቅ ሲይዝብኝ ወደ እግሬ አወረድኩት። ቀሚሶቹን ሰፍቼ ቀና ስል ሦስት ሺህ ይላል። ከወንበሬ አልተነሳሁም! ብቻዬን ሳቅሁ። እንድትስቂ ልጽፍልሽ ነበር። ወዲያው ግን ስልኬ ላይ መልእክትሽ ገባ፦ «እማዬ ጎበዝ!» ወንድምሽ ከሞተ ወዲህ አይዞሽ ያለኝ ብዙ ነው፣ ጎበዝ ያለኝ አልነበረም። መጻፉን ተውኩት። በማግሥቱ አውቄ አሰርኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ የተማሪ ቀሚስ ስንት እርምጃ እንደሚያወጣ በቃሌ ያዝኩ። ዩኒፎርሙ አልቆ ሥራ ባነሰበት ሰሞን ክር ሳልሰካ፣ ጨርቅ ሳላስገባ ረገጥኩ። ባዶ መኪና፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ። በር ሲንኳኳ የሰው ጨርቅ አንስቼ መርፌው ሥር እከት ነበር፣ የምሠራ እንዲመስል።

ለሐኪሙ ስነግረው ነርሷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። እሱ አልሳቀም። «እኔ መድኃኒት የጨመርኩት ለምትሄድ ሴት ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለምን ዝም ብለሽ አልሄድሽም ትያለሽ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። «ልጇን ቀብራ ወገቧን ልታቀጥን ትሮጣለች» እንዳይሉኝ ነው።

አለቃሽን በደረጃ ያስወጣኋትን ሳስብ ፊቴን እሸፍናለሁ። ይቅር በይኝ።

እናትሽ

ጥር 15

እማ፤

እንኳን ተረፍሽ።

ለማሸጊያ ክፍል ሰዎች ታማለች አልኳቸው፣ ሌላ አልነገርኩም። አለቃዬ አሁንም በደረጃ ነው የምትወጣው። ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። ምን ልበላት?

አልተቆጣሁም ብልሽ እኔም መዋሸቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እናቴ ተነስታለች ስል አንቺ ተቀምጠሽ ነበር። ለሐኪሙ የላክሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ብትሞቺ ኖሮ በእኔ እጅ ነበር የምትሞቺው። ይህን አስበሽዋል?

ቁጥሩ ወደ ስልኬ እንዳይመጣ ዘግቼዋለሁ።

የሰው ወሬ ፈርቼ ነው ያልሽው ደግሞ አልዋጥልኝ አለ። አባታችን ጥሎሽ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ በር ከፍተሽ ስትሰፊ ነው ያደግሁት። አንቺ ወሬ አትፈሪም። የቀረውን ንገሪኝ፤ ካልሆነም አትጻፊልኝ።

ጥር 28

ይድረስ ለልጄ፤

እውነትሽን ነው፣ የቀረ አለ። ወረቀቱን ስገልጥ ስከድን ሁለት ሳምንት ሞላኝ። ይህን ካነበብሽ በኋላ እናት አለኝ ላትዪ ትችያለሽ። እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

ወንድምሽ ያን ቀን ሳይነግረኝ ወጣ ብዬ ነው ለአንቺም፣ ለአክስትሽም፣ ለለቀስተኛውም የተናገርኩት። ነግሮኝ ነው የወጣው።

ጠዋት ነው። ለማግሥቱ የሚደርስ የሚዜዎች ቀሚስ መኪናዬ ላይ ነበር። በሩ ላይ ቆመ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እማ፣ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። እስከ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» አለኝ። ቀና ብዬም በደንብ አላየሁትም። «ትናንት ጣሪያ ስትቀባ ውለህ ነው፣ ጡንቻ ነው» አልኩት። ቀለም ቀቢ ልጅ ደረቱን ቢያመው ምን ይደንቃል ብዬ ነው።

«ይሁን፣ ግን ነይ» አለኝ።

«ከእኔ ጋር ከሄድክ ነገም አትደርስ። ይህ ጉልበት አይታይህም? አንተ ቅደም፣ ይቺን ጠርዝ ልጨርስና እደርስብሃለሁ።»

«አንቺ ልትደርሺብኝ?» ብሎ ሳቀ። ወጣ።

ጠርዙን ጨረስኩት፣ ልጄ። እዚህ ላይ ነው ብዕሬ የሚቆመው። ጨረስኩት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ቀሚሱን አጥፌ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ነው ጫማዬን የፈለግሁት። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ደህና ሰው በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። እኔ ሦስት ጊዜ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ላብ አጠመቀኝ። በሆዴ «ሄዶ ተመልሶ መንገድ ላይ ያገኘኛል፣ ይስቅብኛል» እል ነበር። ደብተር መሸጫው ጋ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። የተሰበሰቡት በማን ላይ እንደሆነ ሳላይ አወቅሁ። ሮጥኩ ማለት አልችልም። እዚያም አልሮጥኩም፣ እግሬ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ።

አሁን አስቢው። ልጄ ነይ ሲለኝ ያልተነሳ እግር፣ እሱ አፈር ከገባ በኋላ ለራሱ ጤና ነጭ ጫማ አድርጎ ይነሳ? ቲማቲም ሻጯ «ሐዘኑ ለቀቀሽ» ስትለኝ ያፈርኩት ከእሷ አልነበረም። ጉልበቴ በጠና፣ ትንፋሼ በረዘመ ቁጥር «ያን ቀን የት ነበርሽ?» የሚለኝ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ተቀምጬ የሄድኩት። ለአንቺ ስል መዳን ፈልጌ ነበር፣ ለእሱ ስል ደግሞ ለመዳን አፈርኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ጠየቅሽ፣ ነገርኩሽ።

እናትሽ

መጋቢት 11

ይድረስ ለልጄ፤

ከስድስት ሳምንት በኋላ አንዲቷ መስመርሽ ደረሰችኝ። «ምርመራሽ መቼ ነው?» ይላል፣ ሌላ የለውም። ስምሽንም አልጻፍሽበትም። ሌላ እንድትጽፊ አይጠበቅብሽም። ጽሕፈትሽን ሳይ ቁጭ አልኩ።

ምርመራው ዛሬ ነበር። ሄጃለሁ፣ በልቼ ነው የሄድኩት።

ከየካቲት መግቢያ ጀምሮ ሰዓቱን የማስረው እጄ ላይ ነው። ስሰፋ አወልቀዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አራት መቶ ሆነ፣ ግማሹ አጥር ይዤ ነው። ስድስት ሺህ አልደረስኩም። ሁለት ሺህ ካለፍኩ ገና ሳምንቴ ነው። ቲማቲም ሻጯ አሁንም ትጮኻለች። «ወዴት ነው እትዬ፣ ክር ልትገዢ?» አለችኝ። «አይደለም፣ ስፖርት ነው» አልኳት፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እሷ እቴ፣ «ታዲያ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ተሸክመሽ ሂጂ፣ ክንድሽም ይጠንክር» ብላ ሸጠችልኝ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ቀድሞው መልሶታል። ስኳሩ ወርዷል። ጥቂት ነው የወረደው፣ ግን በእግሬ ነው።

ሌላም አለ። ልደብቅሽ አስቤ ነበር፤ ብደብቅሽም ማንም አያውቅም።

ዛሬ በዚያ መንገድ ሄድኩ። እሱን ከቀበርነው ወዲህ አልረገጥኩትም ነበር፤ ሐኪሙ ጋ የምሄደው በሌላ በኩል በታክሲ ነበር። ደብተር መሸጫው ጋ ስደርስ ትንፋሼ አጠረኝና በሩን ይዤ ቆምኩ። ባለሱቁ ሰውዬ ወንበር ይዞ ወጣ። «ይቀመጡ እናቴ፣ ይረፉ» አለኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀም ብዬ ደስ አለኝ። ውኃ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

«ልጅዎም እዚሁ ነበር የተቀመጠው። ውኃ ሰጥቼው ትንሽ ተሻለው። መኪና ልጥራልህ ስለው እምቢ አለኝ። ‹እናቴ ከኋላ እየመጣች ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ እዚህ ልጠብቃት› አለኝ።»

ሰውየው የሚያጽናና ነገር የነገረኝ መስሎታል። ይህን ሁሉ ወር ሊነግረኝ ፈልጎ እንደነበር ያስታውቃል። አመሰገንኩት።

እደርስብሃለሁ ብዬው አምኖኛል፣ ልጄ። እስከ ጤና ጣቢያው ግማሽ መንገድ ቀርቶት ነበር። ይህን ምን እንደማደርገው አላውቅም። አንቺም ልታጽናኚኝ አትሞክሪ። ግን ወንድምሽ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ማወቅ ይገባሻል። ብቻዬን ልይዘው መብት የለኝም።

ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ የቀረውን ሄድኩ።

ቁጥሩን መልሰሽ ከፍተሽው እንደሆነ አላውቅም። ከፍተሽው ከሆነ የዛሬውን ታዪዋለሽ፦ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ሦስት። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ድረስ ግን ምንም አይቆጥርም። አትደንግጪ። ወንድምሽ የጠበቀኝ ቦታ ተቀምጬ ነው።

እናትሽ